እናትን ወይም አባትን ነርሲንግ ሆም ማላመድ፦ ከመግቢያው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር

እማዬ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (አዛውንቶች በነርስ የሚጦሩበት ቤት) በገባች በሁለተኛው ሳምንት የቤቱ ሶሻል ወርከሯ ደወለችልኝ። ድምጿ ያዘነ ነው። «የእናትሽ የማስታወስ ችሎታ በጣም ወርዷል» አለችኝ። ምን አገኛችሁ ስላት፣ በስልክ አስተርጓሚ ዓመቱን ጠይቀዋት 2015 ብላለች። ወቅቱ የካቲት 2023 ነበር። ጭራሽ «ቁርሴን ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምበላው» ማለቷም ተጽፏል። ሌሊት ሁለት ሰዓት ቁርስ የምትጠይቅ ሴትዮ ሆና ፋይል ውስጥ ገብታለች።

ሳቅም እንባም አብሮ መጣብኝ። እማዬ አልተሳሳተችም። በኛ አቆጣጠር ዓመቱ 2015 ነው። ሁለት ሰዓት ማለትም ጠዋት ነው። አስተርጓሚው ቃሉን እንጂ አቆጣጠሩን አልተረጎመም።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ስጨነቅ የከረምኩት ስለ ብርድ ልብሷና ስለ ቴሌቪዥኗ ነበር። ቤቱ ግን እናቴን ማንበብ አይችልም። ማላመድ ስንል ሁልጊዜ አዛውንቱን ቤቱን ማላመድ ይመስለናል። ግማሹ ሥራ ቤቱን አዛውንቱን ማላመድ ነው። እሱን የሚሠራ ደግሞ ከእናንተ ሌላ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላሉት ነው። በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ዲሲ አካባቢ ወላጆቻቸውን አምጥተው፣ አሁን ቤት ውስጥ መንከባከብ ከአቅም በላይ ለሆነባቸው። ከምጠቅሳቸው መብቶች አብዛኞቹ የፌዴራል ሕግ ናቸው። ሜዲኬር (የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የመንግሥት መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ሁሉ፣ በየትኛውም ስቴት ይሁን፣ ይገዛባቸዋል።

መጀመሪያ፦ እውነቱን ንገሩ

እኛ ዋሸን። ወንድሞቼና እኔ ተማክረን «ለማገገሚያ ነው፣ ሦስት ሳምንት ብቻ» አልናት። በጊዜው ደግነት መስሎን ነበር። ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠበቀችን። ከዚያ በኋላ እስክታምነን ሁለት ወር ፈጀ።

ማስታወስ ለሚችል ሰው እውነቱን ከመግባቱ በፊት ንገሩት። የሚናገረው ሰው ምርጫም ቀላል አይደለም። በኛ ቤት ታላቁ ልጅ ነው ወይስ የንስሐ አባት? ወይስ ሐኪሙ? እማዬ ከኔ ይልቅ የሐኪሟን ቃል ትሰማ ነበር። ቢደገም ሐኪሙ ፊት፣ በአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሁላችንም ባለንበት እንዲነገራት አደርጋለሁ። «ሌሊት ስትወድቂ የሚያነሳሽ ሰው የለም። እዚያ ሃያ አራት ሰዓት ነርስ አለ። እኛ ደግሞ በየቀኑ እንመጣለን።» ይኸው ነው። ማስጌጥ አያስፈልግም።

የመርሳት በሽታው የገፋ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያው እውነት በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ ይሆንባቸዋል። እዚያ ላይ ዝርዝሩን ትቶ «ዛሬ እዚህ ነን፣ እኔም አለሁ» ማለት ይበቃል።

«እናቱን ጥሎ» የሚለው ወሬ መምጣቱ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይመጣል። ለኔ የሠራልኝ መልስ «እሑድ እየሄድኩ ነው፣ አብረን እንሂድና ጠይቋት» የሚለው ነበር። ግማሾቹ ዝም አሉ፣ ግማሾቹ መጡ።

ቤት ስትመርጡ

ሜዲኬር ራሱ ነርሲንግ ሆሞችን ከ1 እስከ 5 ኮከብ እየሰጠ በድረ ገጹ ያወጣል። እዩት፤ በተለይ የሠራተኛ ቁጥሩንና የምርመራ ውጤቱን። ኮከቡ ግን አማርኛ አያውቅም። በቀጠሮ አንዴ ካያችሁ በኋላ ሳትናገሩ ቅዳሜ በእራት ሰዓት ሂዱ። ስንት ሰው ምግቡ ፊቱ ቀዝቅዞ ተቀምጧል? ደወል ሲጮህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሽታው እንዴት ነው?

በኔ ሚዛን ርቀት ከሁሉም ይበልጣል። ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ያለ ባለ ሦስት ኮከብ፣ አንድ ሰዓት ከሚያስነዳው ባለ አምስት ኮከብ ይሻላል። ሳይታሰብ ብቅ ማለት የምትችሉት ቅርብ ሲሆን ነው። ዲሲ ዙሪያ ደግሞ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሐበሻ ኤይዶች (ነርሷን የሚያግዙ ተንከባካቢዎች) እና ነርሶች አሉ። «አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ በየትኛው ሽፍት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀን ብቻ ከሆነ ሌሊቱን አስቡበት። ግራ መጋባትና ፍርሃት የሚብሰው ሲመሽ ነው።

ገንዘቡ ባጭሩ

ብዙዎቻችን ሜዲኬር ነርሲንግ ሆምን የሚከፍል ይመስለናል። የሚከፍለው ለማገገሚያ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ እስከ 100 ቀን ድረስ ይሸፍናል፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ግን በየቀኑ የሚከፈል ድርሻ አለ። አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሦስት ቀን ተኝተው ወረቀቱ ላይ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ) ተብሎ ከተጻፈ፣ እንደ ተኙ አይቆጠርም። ሆስፒታል ሳሉ «ኢንፔሽንት (ተኝቶ ታካሚ) ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለዘለቄታው የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው፤ እሱም ገቢና ንብረት ላነሰው። ስታመለክቱ የአምስት ዓመት የባንክ እንቅስቃሴ ይታያል። እናታችሁ አዲስ አበባ ያለውን ቤት ባለፈው ዓመት ለወንድማችሁ አዙረው ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። በግሪን ካርድ ከመጡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ በአብዛኛው አይፈቀድም። እዚህ ጋ ዘመድ ምክር አይበቃም፤ በአዛውንቶች ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ጋ አንድ ቀጠሮ ያዙ።

ፊርማው

የመግቢያ ቀን ወፍራም የወረቀት ክምር ይሰጣችኋል። ይሉኝታ ይዟችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) የሚለው መስመር ነው። ነርሲንግ ሆሙ «እናቴ ካልከፈለች እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ» የሚል ዋስትና እንደ መግቢያ ቅድመ ሁኔታ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድለትም። በውክልና የእናታችሁን ገንዘብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ከእሳቸው ገንዘብ ለመክፈል መፈረም ሌላ ነገር ነው። ከስማችሁ ጎን «በውክልና» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው «አርቢትሬሽን» የሚለው ወረቀት ነው። ጉዳት ቢደርስ ፍርድ ቤት አልሄድም ማለት ነው። እሱን አለመፈረም ይቻላል፤ ባለመፈረማችሁ አንቀበልም ሊሏችሁ አይችሉም። ፈርማችሁ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ።

ውክልናውን፣ ማለትም የገንዘቡንም የሕክምናውንም ፓወር ኦፍ አተርኒ፣ እናታችሁ አእምሯቸው ገና ደህና ሳለ አስጨርሱ። የልደት ቀንም አለ። የብዙዎቹ ወላጆቻችን ወረቀት ጃንዋሪ 1 ይላል። ሠራተኛው «ልደትዎ መቼ ነው?» ሲላቸው «እኔ እንጃ፣ በጣሊያን ጊዜ» ሊሉ ይችላሉ። ማንነት ማጣሪያ ጥያቄ ስለሆነ ይህንንም አስቀድማችሁ አስረዱ።

ዋናው ሥራ፦ አንዷ ገጽ

ከመግባታቸው በፊት አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በትልቁ አትማችሁ አንዱን አልጋው ራስጌ ለጥፉ። ሌላውን ፋይል ውስጥ አስገቡ፤ ሦስተኛውን ለኤይዶቹ ስጡ። ከአንድ ገጽ ከበለጠ አይነበብም። እኔ ከስህተቴ ተምሬ የጻፍኩት ይህን ይመስላል።

አጠራር። ኤይዶቹ «ስዊቲ» ወይም ባዶ ስማቸውን ይጠራሉ። ክፋት የለውም፣ ግን ሰማንያ ዓመት «እትዬ» ሲባሉ ለኖሩ ሰው ስድብ ነው። «እማማ» በሏት ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸው። ጃማይካዊቷ ኤይድ ሳትቀር በሳምንት ለመደችው።

ሰዓትና ቀን። «ሁለት ሰዓት ካለች ጠዋት 8 ማለቷ ነው፤ ስድስት ደምሩ። ዓመተ ምህረቷ ከናንተ በ7 ወይም በ8 ያንሳል።» ይህቺ መስመር ቀላል አይደለችም። ነርሲንግ ሆሞች «ቢምስ» የሚባል አጭር የአእምሮ ፈተና አላቸው። ሦስት ቃል ያስደግማሉ፤ ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ። ከዚያ ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱን ይጠይቃሉ። ከ15 ነው የሚታረመው። ውጤቱ እንክብካቤው ሲታቀድ አብሮ ይታያል። በአቆጣጠር ምክንያት ብቻ ነጥብ መጣል የለባቸውም። እኔ አስተርጓሚው ባለበት እንዲደገም ጠይቄ ተደግሞላታል።

«አዎ» የሚባልበት መንገድ። ብዙ አዛውንቶቻችን አዎ ሲሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ለማያውቅ ሰው ትንፋሽ ያጠራቸው ይመስላል። ኦክስጅን መለኪያ ይዞ የሚሮጥ ነርስ አይቻለሁ።

ሕመም። ነርሷ «ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ትላለች። እማዬ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ፊቷን እዩ፣ ወገቧን ስትይዝ እዩ ብዬ ጻፍኩ። ቃላቱም ያሳስታሉ። «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጨጓራቸውን ነው። «ሆዴ ባባ» ሲሉ ግን ሆዳቸው ምንም አልሆነም፤ ከፍቷቸዋል። አንዱ አምቡላንስ ያስጠራል፤ ሌላው ያለ ጥፋቱ የተቅማጥ መድኃኒት ያስውጣል።

እምቢታ። እዚህ አገር አንዴ «አይ» ካሉ አለቀ፤ ትሪው ይነሳል። የኛ ሰው ግን በመጀመሪያው ግብዣ «በላሁ» ብሎ አይቀርብም። «ሦስት ጊዜ ጠይቋት፣ ሦስተኛው ላይ የምትለው እውነቱ ነው» የሚለውን መስመር ኤይዶቹ በጣም ወደዱት። የእማዬ ክብደት መውረዱን ያቆመው ይህቺ መስመር ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሰውነት ነገር። ገላዋን የሚያጥባት ሴት ትሁን። መጠየቅ ትችላላችሁ። አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ክር ማተብ ነው፤ አይቆረጥም። እባካችሁ ይህን በደማቁ ጻፉት። አሮጌ ክር መስሏቸው በመቀስ ሊያነሱት ይችላሉ። ከምግብ በፊት እጅ መታጠቢያ ይሰጣት። በእጅ መብላቷ ሹካ መያዝ አቅቷት አይደለም።

ከገጹ ጀርባ ላይ አሥር ቃላት በላቲን ፊደል ጻፉ፦ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ቀስ በል፣ እሺ፣ አይ፣ አይዞሽ። የመጨረሻዋን አትዝለሉ።

ይህ ሁሉ አስተርጓሚን አይተካም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ለሕክምና ጉዳይ ነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። አማርኛ የምትናገረው ኤይድ ሽፍቷ ላይ መሆኗ ወይም እናንተ እንግሊዝኛ መቻላችሁ ምክንያት አይሆንም። የልጅ አስተርጓሚነት ችግሩን ታውቁታላችሁ፦ እናት ልጇ ፊት ስለ ሽንቷ አትናገርም፣ ልጅም ለእናቱ መጥፎ ዜና ሲተረጉም ያለሳልሳል። እኔም አለሳልሻለሁ።

ሻንጣው

ትንሽ ያዙ፣ ሁሉንም ምልክት አድርጉበት። ልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው። የእማዬ ጋቢ ከቀይ ፒጃማ ጋር ታጥቦ ሮዝ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነጠላና ጋቢ ቤት ወስጄ ማጠብ ጀመርኩ፤ ቁም ሳጥኑ ላይም «ቤተሰብ ያጥባል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ወርቅ ቤት ይቅር። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የመስሚያ መሣሪያ ላይ ስም ይጻፍ፤ ፎቶ አንሱና በንብረት ዝርዝር ላይ አስመዝግቡ። ጥርስ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በናፕኪን ተጠቅልሎ ከምግብ ትሪ ጋር ሲጣል ነው።

ከቤት የሚሄደው ዕቃ በየቀኑ ዓይናቸው ያረፈበት ይሁን እንጂ አዲስ አይሁን። ግድግዳ ላይ የነበረው የቅድስት ማርያም ሥዕል፣ መስገጃው፣ የጸሎት መጽሐፉ፣ ያ የተቦጨቀ ትራስ። የቤተሰብ ፎቶ ስትሰቅሉ ከሥሩ ስምና ዝምድና በእንግሊዝኛ ጻፉ። ኤይዷ «ይህች አበበች ናት?» ስትላቸው ወሬ ይከፈታል።

የመግቢያው ቀን

ከተቻለ ሐሙስም ዓርብም አይሁን፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሁን። ዓርብ ከሰዓት የገባ ሰው መድኃኒቱ ሳይመጣ፣ ሶሻል ወርከሯም ሳትኖር ቅዳሜና እሑድ ይደርስበታል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ወረቀቱ ጋ፣ ሌላው ከእናታችሁ ጋ። እኛ ሰባት ሆነን ሄድን፣ ክፍሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «እንዲህም ይኖራል?» ብላ ስታነባ አብሮ የሚያለቅስ አልጠፋም። የሚያለቅስ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቱ ይቆይ። አክስቴ ትቀየማለች፣ ምንም አይደል።

ስትወጡ ተደብቃችሁ አትውጡ። ምሳ ወይም እራት ሲቀርብ፣ ሥራ ሲይዙ፣ ተሰናበቱ። «ነገ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» በሉ፣ በሦስት ሰዓትም ድረሱ። በአምስት ሰዓት አትድረሱ። በመጀመሪያው ወር እምነታቸው የሚመለሰው በዚህች ሰዓት አክባሪነት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የጥሪ ደወሉን አብራችሁ ተለማመዱ። እንደ እማዬ ያለ ሰው ደወል አይጫንም፤ «ሰው አላስቸግርም» ብሎ ተነስቶ ይወድቃል። ሦስት ቀን በየጉብኝቱ «ውሃ አምጡልኝ በዪ» እያልኩ አስጫንኳት። ኤይዷ በፈገግታ ስትመጣ አየች። አራተኛው ቀን ብቻዋን ተጫነች፤ የጠየቀችውም ለጎረቤቷ ብርድ ልብስ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

«እንዲለምዱ ሁለት ሳምንት አትምጡ» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት። ቋንቋ ለማይችል ሰው ሁለት ሳምንት ዝምታ እስር ነው። ነዋሪው እስከፈለገ ድረስ ቤተሰብ የመጎብኘት መብት አለው። ይልቅ የኛ ችግር ሌላ ነው፤ እሑድ አሥራ አምስት ሰው ይመጣል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማንም የለም። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና ተራ አውጡ። የማኅበሯን እናቶች ማክሰኞ፣ የልጅ ልጆቹን ሐሙስ። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ክፍሉን የምትጋራት አሮጊት ደግሞ የራሷ ሕይወት እንዳላት አትርሱ፤ ጠያቂ ሲበዛ ወደ ጋራው ሳሎን ውጡ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፍቅራችን የሚያልፈው በምግብ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው።

ከመጀመሪያው ቀን የምግብ ባለሙያዋን አግኙ። ጾም አስረዱ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ። «ቪጋን» በሏት፤ ወዲያው ይገባታል። ሙስሊም ከሆኑ ሐላል ሥጋና የረመዳን ሰዓት። ግን ክብደታቸው እየወረደ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ጥሩና ለበሽተኛ ጾም እንደማይጸናበት ከእሳቸው አፍ ይስሙ። ከናንተ አይቀበሉም።

ከቤት ምግብ ስትወስዱ ስምና ቀን ጻፉበት። ያልተጻፈበት ይጣላል። በመጀመሪያ ግን ይህን ጠይቁ፦ የመዋጥ ችግር አለባቸው? በስትሮክ ወይም በመርሳት በሽታ ምክንያት «ወፍራም ፈሳሽ ብቻ» ወይም «የተፈጨ ምግብ ብቻ» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ አንዲት ጉርሻ ሳንባ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ጉርሻ ይህን ያህል ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የመዋጥ ባለሙያው ባለበት ሽሮ አሳዩ፤ ወፈር ያለ ሽሮ ያለ እንጀራ ሊፈቀድ ይችል ይሆናል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጎመን አንድ ሳምንት እየበዛ አንድ ሳምንት እየጠፋ አይሆንም፤ መድኃኒቱን ያዛባዋል። ስኳር ካለባቸው የእንጀራውን መጠን ለነርሷ ንገሯት። አብሽ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም በድብቅ አታስገቡ። ጠበልም ቢሆን ፈሳሽ የተወሰነባቸው እንደሆነ በልኩ ይሁን።

ቡና። ከሰልና ዕጣን አይቻልም፤ ኦክስጅን ያለበት ሕንጻ ነው፣ የጭስ ማንቂያውም ሕንጻውን ሙሉ ያስወጣል። እኔ ቤት ቆልቼ ትኩሱን ፍሬ በዚፕ ከረጢት እወስዳለሁ። እማዬ ከፍታ ታሸታለች፣ «እሰይ» ትላለች። ቡናውን በፔርሙዝ፣ ከሲኒዎቹ ጋር። ለኤይዶቹም አንድ አንድ። ገንዘብ መስጠት እነሱን ችግር ውስጥ ይከታል፤ ድፎ ዳቦ ለሽፍቱ ሁሉ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ሐበሻ ኤይድ ካለች በረከት ናት። አንድ ነገር ብቻ፤ እሷን የናንተ ሰላይ አታድርጓት። «ሌላዋ ምን አለቻት?» እያላችሁ አታስጨንቋት። ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁላችንም በአንድ ዕድር እንተዋወቃለን፤ የእናታችሁ የጤና ነገር ምስጢር እንደሆነ በትህትና አንዴ ተናገሩና ተዉት።

«ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይመጣል። በተለይ ሲመሽ። መጀመሪያ «ይህ ቤትሽ ነው» እያልኩ እከራከር ነበር። አንድ ቀን «የት ነው ቤትሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማ አይደለም የነገረችኝ፤ ደብረ ማርቆስ፣ አባቷ ግቢ፣ ኮክ ዛፉ ሥር። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኮኩ አወራን። መሄዱን ረሳችው።

ስብሰባው

ሕጉ እንዲህ ነው። በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጃል። በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ ይደረጋል፤ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉው ዕቅድ ይወጣል። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይከለሳል። የናንተ ስብሰባ ይህ ነው፤ «ኬር ፕላን ሚቲንግ» ይባላል። መሄድ ካልቻላችሁ በስልክ ግቡ። እናታችሁም ከቻሉ ይገኙ፣ አስተርጓሚም ይኑር።

ብዙ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። ስለ ግድግዳ ቀለም አታውሩ። ክብደታቸው ሲገቡ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው? ቆዳቸው ላይ ቁስል አለ? ወድቀዋል? አዲስ የተጀመረ መድኃኒት አለ፣ በተለይ የሚያረጋጋ የሚባል? ለምን ተጀመረ፣ ማን ፈቀደ? ከአልጋ በቀን ስንት ሰዓት ይወጣሉ? መልሱን ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት። ያቺን አንድ ገጽም ዕቅዱ ውስጥ አስገቡልኝ በሉ። ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ይቀደዳል፤ ዕቅድ ውስጥ የገባ ግን ሠራተኛው ሁሉ የሚገዛበት ነው።

ቅር ሲላችሁ

ተቆጥታችሁ ኤይዷ ላይ አትጩሁ። ብዙ ሰው ይዛ ነው የምትሮጠው። የሽፍቷን ኃላፊ ነርስ አናግሩ፤ ካልሆነ የነርሶቹን ዳይሬክተር። በአጭር ኢሜይል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን አያችሁ፣ ምን ትፈልጋላችሁ። የእማዬ ደወል አርባ ደቂቃ ሲጮህ የሠራልኝ ሁለት መስመር ኢሜይል ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በቃል ተናግሬ ነበር።

ካልተስተካከለ ኦምቡድስማን፣ ማለትም የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚያይ፣ አለ። በየስቴቱ አለ፣ ነጻ ነው፣ ለነዋሪው ነው የሚቆመው፤ ስማችሁን ያለ ፈቃዳችሁ አያወጣም። ስልኩ ሕንጻው ውስጥ የግድ ይለጠፋል። «ብናማርር እናታችንን ይበቀሉብናል» የሚል ፍርሃት አለን። አውቀዋለሁ። በቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለፍርሃቱም የሚሻለው መድኃኒት በተለያየ ሰዓት መታየት ነው። «ውሰዷቸው» ቢሏችሁ ደግሞ በአብዛኛው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ይግባኝ የማለት መብት አለ። በቃል ስለተነገራችሁ አትውጡ።

ሦስተኛው ወር

በሦስተኛው ወር ቢምስ እንደገና ይመጣል። እማዬ በዚያን ጊዜ ፈተናውን ለመደችው። «የናንተን ነው የኛን?» ብላ ትጠይቃቸዋለች፣ ዓመቱን። ነርሷ ስትነግረኝ ከልቧ እየሳቀች ነበር።

አንዷ ገጽ ላይ የወቅቱን ልዩነት ብቻ ጻፉና በዓመት ሁለት ጊዜ አስተካክሉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ 8 ይሆናል። እኔ ዘንድሮ ረስቼ በጥር የሄድኩ ጊዜ ያቺው ጃማይካዊት ኤይድ ሰባቱን በእስክሪብቶ ሰርዛ ስምንት ብላ አስተካክላዋለች።